ሽማግሌ የተላከበት ቴሌቪዥን

በመካነ ሰላም ተኩስ የማይችል ወንድ የለም። ሐሜት እንዳይመስልብኝ፣ ራሳቸው ናቸው የሚሉት። አንዱ ዝንብ ከሩቅ መትቻለሁ ይላል፤ ሌላው ደግሞ እኔስ የግራ ክንፏን መርጬ ነው ይላል። ሌላ ሴት ብትሆን ሰምታ ታልፈው ነበር። እኔ ግን ጉራውን ንግድ አደረግሁት።

ከደሴ አንድ ያረጀ የጌም ማሽን አስመጣሁ። ቁመቱ ቁም ሣጥን ያህላል፤ ሆዱ ላይ ቴሌቪዥን የመሰለ ስክሪን አለው፤ በገመድ የታሰረ የፕላስቲክ ሽጉጥ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ሽጉጡን ታነሳና ከበርሜልና ከመስኮት ጀርባ ብቅ የሚሉትን ሽፍቶች ትመታለህ። መነኸሪያው አጠገብ በተከራየኋት አንዲት ክፍል አቆምኩት። እንጀራዬ እሱ ነው፤ ሌላ ገቢ የለኝም።

ታዲያ አንድ ክረምት ሥዕሉ እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ ሄዶ ጭራሽ ጨለመ። ከደሴ የመጣ ባለሙያ ከፈተውና፣ «ፒክቸር ቲዩቡ ሞቷል» አለኝ። በድሮ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለውን፣ ፊቱ ሰፊ አንገቱ ቀጭን የሆነውን ትልቅ መስታወት ማለቱ ነው። «ይሄ ቀርቷል፤ ዘመናዊ ላርግልሽ» ብሎ ጠፍጣፋ ስክሪን ገጠመልኝ። ሥዕሉ እንዴት ያምር ነበር! ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው። ማንም ምንም አይመታም።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ያ ሽጉጥ አይተኩስም፤ ያያል። ቲዩቡ ሥዕሉን በአንዲት የብርሃን ነጥብ መስመር በመስመር ሲጽፈው፣ ሽጉጡ ነጥቧን አይቶ የት እንዳነጣጠርክ ያውቃል። ጠፍጣፋው ላይ ነጥቧ የለችም። ሽጉጡ ዕውር ሆነ ማለት ነው። ይህን ግን ለዝንብ ገዳዩ ማን ይንገረው? ተኮሰ፣ ሳተ፤ ተኮሰ፣ ሳተ። «ሽጉጡ ታሟል» ብሎ ወጣ። ሁለተኛው «መተት ተደርጎበታል» አለ። የእኔ እጅ ነው ያለ አንድም አልነበረም። ሰው ፊት መሳት የማይወድ ሕዝብ ስለሆነ ክፍሏ በሳምንቱ ኦና ሆነች።

አከራዬ ሐጂ በር ላይ ቆመው ባዶዋን ክፍል አዩ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እስከ አረፋ ካልሠራልሽ ክፍሏን ለሞባይል ጠጋኝ እሰጣታለሁ። እሱ ቢያንስ ሲሠራ አይጮህም።» ቤቱ የሳቸው ነው፤ ምን እላለሁ።

የከተማችን ሬድዮ ጠጋኝ ተስፋ ሰጠኝ። መጠኑና የአንገቱ ውፍረት አንድ ከሆነ የማንኛውም ድሮ ቴሌቪዥን ቲዩብ ይገባል፤ ቲዩቡ ደህና ሆኖ ቴሌቪዥኑ በሌላ በሽታ ይሙት እንጂ መሞቱ አያሳስብም አለኝ። ስለዚህ የሞተ ቴሌቪዥን ፍለጋ ወጣሁ።

በእኛ አገር ግን ቴሌቪዥን አይሞትም። ሥዕል አላሳይ ሲል ጥልፍ ልብስ ይለብሳል፤ አዲሱ ስስ ቴሌቪዥን እላዩ ላይ ይቆማል፤ ሳሎን ውስጥ እንደ ባላባት ተቀምጦ ይጦራል። መሸጥማ ውርደት ነው፤ ቸገራቸው ይባላል። አቀስታ ላይ አንዷን፣ «እትዬ፣ ይሄ ሞቷል መሰል?» ብላት፣ «ተኝቷል እንጂ ማን ሞተ አለሽ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ደጎሎ ድረስ ሄጄ አንድ የገብስ ነጋዴ በነጻ ውሰጂ አለኝ፤ ከፍቼ ባየው ዶሮ ታቅፋበታለች፤ የቲዩቡ አንገት ተሰብሮ አየር ገብቶበታል። ዶሮዋ ግን ተመችቷት ነበር።

ባዶ እጄን ተመልሼ ቀን እንዲጨምሩልኝ ልለምን ሐጂ ቤት ገባሁ። ሐጂ መስጊድ ናቸው፤ ባለቤታቸው ውኃ ልታመጣልኝ ወደ ጓዳ ገባች። ቀና ስል አዲሱ ቴሌቪዥን ሥር፣ በነጭ ጥልፍ ተሸፍኖ፣ እሱ። ተነሥቼ ጥልፉን ገለጥኩና በነጠላዬ ጫፍ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ለክቼ ልኩን በቋጠሮ ምልክት አደረግሁበት።

«ምን እያረግሽ ነው?» አለች ባለቤታቸው፣ ውኃውን እንደያዘች።

«አቧራ ነክቶት…»

«እኔ ቤት?»

ያን ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ። «ሸጥ አድርጉልኝ» ስል ፊቷ ተለወጠ። «ሐጂ የሳሎን ዕቃ ሸጡ ሊባል? ወላሂ፣ ከዚህ ቤት የሚወጣው በጀናዛ ነው።»

ለሬድዮ ጠጋኙ ቋጠሮውን ሳሳየው ልኩ ገጠመ፤ የተባልኩትን ስነግረው ግን ሳቀና፣ «ሽማግሌ ላኪያ» አለኝ። እሱ ሊቀልድ ነው፤ እኔ ግን ሰማሁት። የሚሸጥ ነገር ያዋርዳል። የሚሰጥ ነገር ያስከብራል፤ ሽማግሌ ተልኮበት የሚሰጥማ የበለጠ።

የንስሐ አባቴንና የሰፈራችንን የቁርአን አስተማሪ ሼህ ለመንኩ። የንስሐ አባቴ ያን ማሽን ብዙ ጊዜ አውግዘውታል፤ እያጉረመረሙ ጋቢያቸውን ለበሱ። ሼሁ ግን ደስ ብሏቸው፣ «ለስንቱ ሚስት ጠይቄያለሁ። ዕቃ ይሻላል፤ ኋላ ለዕርቅ አይጠሩንም» አሉ።

ኋላ እንደነገሩኝ ወጉ አልጎደለም። ሐጂ «አረፍ በሉ» አሏቸው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አናርፍም» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ምን ልትጠይቁኝ? ሴቶቹን ሁሉ ድሬ ጨርሻለሁ» አሉ ሐጂ።

ሼሁ ወደ ጥልፉ አገጫቸውን ቀሰሩ። «የቀረችዋን።»

ሐጂ፣ «ከዘመድ ልምከርበት» አሉ። በቀጠሮው ሲመለሱ ፈቀዱ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ቲዩቡ ብቻ ወጥቶ ሣጥኑ በዚያው ቀን ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጥልፉን ይለብሳል፤ ባዶ መሆኑን ማንም አይሰማም። ሽማግሌዎቹ ምስጢሩን ጠበቁ። ከተማው ግን እነሱ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ሰምቶ ነበር።

ቲዩብ ከመብራት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ በሆዱ ይቋጥራል። ጠጋኙ በሽቦና በመፍቻ ሲያወጣው ጧ አለ፤ እኔ ደጅ ነበርኩ። ከዚያ የሐጂን ቲዩብ በነጠላዬ ጠቅልለን እንደ አራስ ልጅ አቅፈን አስገባነው፤ ካስቀመጥኩት ከሞተው ቲዩብ አንገት ላይ የብርሃን ነጥቧን የሚመራውን የመዳብ ጥቅል አውልቀን ለሐጂው አጠለቅንለት። መብራቱን ስንሰጠው ሥዕሉ ፏ አለ፤ ሽፍቶቹ ግን በጭንቅላታቸው ቆመዋል። ጥቅሉን ገልብጠን ነው ያጠለቅነው።

ጠጋኙ ሊያጠፋው ሲል ዝንብ ገዳዩ ከበሩ ደረሰ። «ተዉት፣ ቆመውም ተገልብጠውም ለእኔ አንድ ናቸው» አለ። ተኮሰ፣ ሳተ። «ተገልብጠዋላ፤ በዚህ እንዴት ይመታል?» አለ። ጥቅሉን አዙረን ሽፍቶቹን በእግራቸው አቆምንለት፤ አንዱን ጣለና ደረቱን ነፋ። ከሄደ በኋላ ጠጋኙ ጠጋ ብሎ፣ «ሲገለበጥም እኮ ሽጉጡ በደንብ ያያል» አለኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁን ጻፍኩት።

አረፋ ሊገባ ሲል ክፍሏ ጢም ብላ ሳለ ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ሰው መንገድ ለቀቀ።

«ልጄን እንዴት ይዛችኋታል?» አሉ።

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

በርጩማ አቀረብኩላቸው፤ ሽጉጡን ተቀብለው ተኮሱ። የመቱት የለም። ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

ድፍረቴን ሰብስቤ፣ «ሐጂ፣ የክፍሏ ነገርስ?» አልኳቸው።

«የምን ክፍል?»

«ለሞባይል ጠጋኙ እሰጣታለሁ ያሉት።»

የሰደብኳቸው ያህል አዩኝ። «ሽማግሌ ልከሽብኝ፣ ልጄን ሰጥቼሽ፣ አማቼን ከቤት ላስወጣ? የት አገር አይተሻል?»

እነሆ ክፍሏ ውስጥ አለሁ። እሳቸው ቤት ያለው ሣጥን ቀሎ አዲሱ ቴሌቪዥን እላዩ ላይ ስለተወላገደ፣ ባለቤታቸው ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ጨምራበታለች። በሄድኩ ቁጥር እንደ ማንኛውም እንግዳ ጥልፉን አይቼ «ማሻአላህ» እላለሁ። ሐጂም ከጁምዓ በኋላ ልጃቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ አማች አያስከፍልምና በነጻ ይተኩሳሉ። እስካሁን አንድም ሽፍታ አልመቱም።

«ከእኛ ወገን የመጣችው ደህና ናት» ይላሉ ሲነሡ። «የታመመው የእናንተ ሽጉጥ ነው።»