በብርቄ ጓሮ የቀረው ጥድ

ነገሩ ሲታወቅ ብርቄ ከጥዱ ሥር ቆማ ነበር። የሟች ባሏ ወንድም አቶ ወልዴ ከጉቶው አጠገብ፣ በዱላቸው ተደግፈው። እኔ በጓሮው በር በኩል፣ ውኃ ከሞላው ሳፋ ፊት። ሌላ ሰው አልነበረም።

ንጋት፣ ወልቂጤ

ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል ተራራ ስላለ፣ ቡታጅራ በመኪና የሚሄድ ሰው እስከ ዓለም ገና ወጥቶ ሌላ አውቶቡስ ይይዛል።

በጓሮዬ ከዘር ችግኝ ሳፈላ ኖሬአለሁ። የአክስቴ ልጅ ብርቄ የላከችብኝም ለዚሁ ነው። ልጇ ታደሰ ለሥራ አዋሽ ወርዶ፣ ወባ ይዞት ተመልሶ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከቤቷ ጥድ ችግኝ አፍልታ መቃብሩን ልትከብበት ትፈልጋለች። ሁለት ጊዜ ዘራች፤ አንድም አልበቀለም።

ረፋድ፣ ዓለም ገና

ሾፌሩ የያዝኳቸውን ባዶ የወተት ቆርቆሮዎች አየ።

«እማማ፣ ላሚቱ የት ቀረች?»

«ችግኝ ማፍያ ነው።»

«ተረፉ። ላሚቱንም አስከፍልዎት ነበር።»

ከመስተዋቱ በላይ የተለጠፈው የጃንሆይ ሥዕል አቧራ ለብሷል። ቡኢ ላይ ቆጮ በጎመን በላን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዶሮዋን እንዳቀፈች እስከ ቡታጅራ ሲያስላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ቡታጅራ

ጥዱ ሰማያዊ ፍሬ ተሸክሟል። ከብርቄ ጋር ለቅመን፣ አሽተን፣ አጥበን ዘሩን ሳፋው ውስጥ ጨመርነው። ደህና ዘር ይሰምጣል። ሁሉም ተንሳፈፈ።

«ይደር፤ ዘግይቶ የሚሰምጥም አለ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት

አንድም አልሰመጠም። ጥቂቱን በቢላዋ ሰነጠቅሁ፤ ውስጡ ምንም የለም።

«እጄ ነው፣ እትዬ» አለች ብርቄ። «እኔ የነካሁት አይበቅልም።»

ስለ ጉቶው ጠየቅኋት። ታደሰ ክርስትና ሲነሣ አባቱ ሁለት ጥድ ተክሎ ነበር፤ አንዱ ለታደሰ ሣጥን ተቆረጠ።

«ያኛው ፍሬ ይይዝ ነበር?»

«ኧረ አንድ ቀንም» አሉ አቶ ወልዴ ከጉቶው አጠገብ። «ቢጫ አቧራ ነበር የሚያራግፈው። ፍሬ ያላትን ልተውላት ብዬ እኔው ነኝ የቆረጥኩት።»

ዝም ብል ጥፋቱ በብርቄ እጅ ላይ ይቀራል። ብናገር ወደ ሽማግሌው ይዞራል። ተናገርኩ።

«ጥድ ወንድና ሴት አለው። ያ አቧራ ካልደረሳት ፍሬዋ ባዶ ነው። በዚህ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ጥድ አላየሁም።»

አቶ ወልዴ ጉቶው ላይ ተቀመጡ።

«ከወልቂጤ የደረሰ ችግኝ እልክልሻለሁ» አልኳት።

«እሱ የማን ነው፣ እትዬ? የታደሰ አባት የተከለው አይደል።»

ወደ አቶ ወልዴ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቺን ቆርጠው ያንን ቢተዉትም ያው ነበር።»

ብርቄ ከውኃው ላይ ዘሩን በእፍኟ እየቀዳች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ ታደሰ መቃብር አቀናች። አቶ ወልዴ ዶማውን ከግድግዳው አንሥተው ተከተሏት።

እኔ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።