በማን ላይ ነው የምትነሱት?

ምርጫ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የደረሰብን ነገር ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሆሳዕና ውስጥ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ጣጣውም የመጣው በአማርኛ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሀንዲሶ ጄኔሬተርና ሞተር ሳይክል ይጠግናል። የተወለድነው ከጊምቢቹ ወጣ ባለ ገጠር ነው። ክረምት ሲገባ መኪና አይደርስም፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነው የምትወጣው። አክስታችን እንደዚያ ስትወሰድ መንገድ ላይ ሞተችብን። ከዚያ በኋላ ሀንዲሶን አንድ ሐሳብ ያዘው፦ ሜዳ ሳትፈልግ ከደጅ ተነስታ መድኃኒት የምታደርስ አውሮፕላን መሥራት።

ትንሿን ሞዴል ለመሥራት ዓመታት ለፋ። ክንፏን ከነፕሮፔለሮቿ ወደ ሰማይ ታቆምና እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብላ ትነሳለች፤ ከፍ ስትል ክንፏን አጋድማ እንደ አውሮፕላን ትሄዳለች። ፕሮፔለሮቹን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪውን ደግሞ ትንሽ የቤንዚን ሞተር እየሞላ ይሄዳል። ከሁለት ወገን ስለተወለደች ቤተሰቡ “በቅሎ” ይላት ነበር። በጓሯችን ከእንሰቱ በላይ ስትበር በዓይኔ አይቻለሁ።

በከተማችን የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። በሰው ፊት ሠርቶ የታየ ሐዋሳ ተልኮ ድጋፍ ያገኛል ተባለ። ለሀንዲሶ ሰው የምታድነዋን ትልቋን የመሥራት ተስፋው ያ ብቻ ነበር። “ጽሑፉን አንቺ ጻፊልኝ” አለኝ። በትልቅ ወረቀት አሳምሬ ጻፍኩለት፦ “ሜዳ አንጠብቅም! ካለንበት ቀጥ ብለን እንነሳለን!”

የቀኑ የክብር እንግዳ አጃቢዎቹን አስከትሎ እኛ ጋ ደረሰ። ሞዴሏን ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ተተከለ።

“ይሄን ማን ጻፈው?”

“እኔ ነኝ።”

“የምርጫው ሜዳ ጠበበ የሚሉትን ተቃዋሚዎች ነው የምትደግሚው?”

“ሜዳ ያልኩት የአውሮፕላን ማረፊያውን ነው ጌታዬ።”

“እሺ፣ በማን ላይ ነው የምትነሱት?”

ሀንዲሶ የሚያግዘኝ መስሎት ጣልቃ ገባ። ቤት የምንናገረው ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛው ላይ ቃል አይመርጥም። “በማንም ላይ አይደለም ጋሼ! መጀመሪያ ቀጥ ብለን እንነሳለን። ከተነሳን በኋላ ማንም አያቆመንም፤ ወደ ፊት ነው!” አለና በእጁ የክንፉን አዟዟር አሳየው።

ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። “ይቺ ማሽን ለምርመራ ትያዝ!” አለ። አንዱ ፖሊስ ሞዴሏን በክንፏ አንጠለጠላት። ሀንዲሶ “በክንፏ አትያዛት፣ መታጠፊያዋ ይሰበራል!” እያለ ሲለምን ቀጭ ስትል ሰማሁ። እኛም ተወስደን እስኪመሽ ጣቢያ ተቀመጥን። “ተነሳ ማለት ስንት ትርጉም አለው?” ብሎ የጠየቀኝ መርማሪ ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ሞዴሏ የተመለሰችልን ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው። ባትሪዋም ሞተሯም የሉም፤ ቀፎዋን ብቻ ሰጡን። ሐዋሳ የሚሄዱት ከሄዱ ቆይተዋል። ይቅርታ ያለን አንድም ሰው የለም።

“ዘመኑ ነው፣ እርሺው” ይሉኛል። አልረሳውም! አንድ ጊዜ አስነሷት ብሎ ማየት ምን ይከብዳል? የእኛ ሰፈር ሴቶች እኮ ዛሬም በቃሬዛ ነው የሚወጡት።

በቅርቡ የውጭ አገር ሰዎች የሠሩት፣ ክንፉን አቁሞ የሚነሳ አውሮፕላን ስልኬ ላይ አየሁና ለሀንዲሶ አሳየሁት። ደጋግሞ ተመለከተው። “እንደገና ጀምር እንጂ” አልኩት።

“አሁንስ ምን ብለሽ ልትጽፊበት ነው?” አለኝና ሳቀ።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።