በፍልሰታ ያልተዋጠው ክኒን

የልጅ ልጆቼ፣ በተለይ ሕክምና የምትማረዋ፣ «በደርግ ጊዜ ሆስፒታል ስትሠሪ ያየሽውን ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ምን አይቻለሁ፤ ወለል ነበር የምወለውል። ወለል ሲወለውሉ የሚታየው የሰው እግር ነው።

በሴቶቹ ክፍል አንድ ተለማማጅ ሐኪም ነበር። ሁለት ቀን ሳይተኛ ይቆይና ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል። ስደርስበት እግሩን ያነሳልኛል፤ ዓይኑን አይገልጥም። እኛ ክፍል ያለውን ሦስት ወር ካለፈ ይመረቃል፤ ካላለፈ ይደግማል።

ፍልሰታ ገባ። ሳንባዋን የታመመች፣ ከኮሶዬ ገጠር የመጣች ሴት ተኝታ ነበር። ነርስ ስላነሰ ክኒኑን እሱ በእጁ ይሰጣታል። የጠዋቱንም የቀትሩንም ትቀበልና፣ ዞር ሲል በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። የምትውጠው የማታውን ብቻ ነው።

«ምነው እቴ?» አልኳት።

«ቅዳሴ ሳይወጣ? እንዴት ብዬ። አደራ፣ እንዳትናገሪብኝ።»

እኔም ጿሚ ነኝ፤ ነውር መስሎ አልታየኝም። አልጋዋ ሥር ወልውዬ አለፍኩ።

ትኩሳቷ አልወርድ አለ። ጠዋት አልጋ ላልጋ ሲዞሩ ትልቁ ዶክተር ክኒኑ የተመዘገበበትን ወረቀት አየና ተለማማጁን ልጅ አብረውት በሚለማመዱት ጓደኞቹ ፊት አቆመው።

«መድኃኒቱን ሰጥተሃል?»

«ሰጥቻለሁ።»

«ወረቀቱ ላይ ያለችው ጤነኛ ናት፤ አልጋው ላይ ያለችው ታማለች። የትኛዋን ነው የምታክመው?»

ጓደኞቹ ሳቁ።

«እስከ ዓርብ ካልተሻላት ትደግማለህ።»

መወልወያዬን ይዤ እዚያው ነበርኩ። ምንም አልተሰማኝም። ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ። ውሃው ያን ቀን በጣም ቀዝቅዞ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

ከሰዓት ወደ ሴትዮዋ ተመልሼ «ልጁ ባንቺ ሊወድቅ ነው» አልኳት።

«የኔስ ነፍስ? የነፍስ አባቴ ኮሶዬ ናቸው። ሳይፈቱኝ?»

የኔን የነፍስ አባት ለመንኳቸው። በፍልሰታ ቅዳሴው በየቀኑ ነውና ቶሎ አልተመቻቸውም፤ የመጡት ቅዳሜ ነው። መስቀላቸውን አሳለሟትና «እግዜር ይፍታሽ፤ ዋጪው» አሏት። «እኔም ስታመም ውጫለሁ፤ እስካሁን ሰማይ አልተደፋብኝም።»

ዋጠች። ማክሰኞ ትኩሳቷ ለቀቃት፤ ሸጋ ሆና አገሯ ገባች። ዓርብ ግን አልፏል። ልጁ ደገመ። አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። «እትዬ፣ እንግዲህ አልተለያየንም» አለኝ እያዛጋ።

ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ የዚያ ክፍል ነርስ የነበረች ገበያ አግኝታኝ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ሳይደግሙ ያለፉት አራቱ ጓደኞቹ በተመረቁ በሳምንቱ ግንባር ተልከው ኖሯል። የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው።