ለአያ ደምስ ያልደረሰው የእንቁላል ዳቦ

ሐምሌ ሠላሳ፣ የፍልሰታ ጾም ቅበላ ዕለት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወደ አምበር ተነሣሁ። የሄድኩት ለአንድ ሽማግሌ ዳቦ ልጠብስላቸው ነው። ለዚህ ተብሎ ይኬዳል ወይ የሚል ካለ ይሳቅብኝ።

አያ ደምስን የማውቃቸው ከማታ ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ቀን ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ ስለነበር ማታ ሁልጊዜ እዘገይ ነበር። ደንቡ ከደወል በኋላ በር አይከፈትም ይላል፤ ዘበኛው አያ ደምስ ግን «ዛሬስ ደወሉ ነው የቸኮለ» እያሉ ያስገቡኛል። ዛሬ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሆንኩት ያ በር ስለተከፈተልኝ ነው።

ግንቦት ላይ ዓይናቸውን ሊታከሙ ደብረ ማርቆስ መጥተው ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ጎራ ብለው ጠየቁኝ። ስንጨዋወት ከዘበኝነት በፊት ስለነበረ ሥራቸው አነሡ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ በአንድ የገጠር ከተማ ለሚያስተምር ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ምግብ ያበስሉ ነበር። ሰውየው ጠዋት ጠዋት የሚበላው በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በእርድና በድንብላል በተመታ እንቁላል ተነክሮ የተጠበሰ ዳቦ ነበር። ስኳር አይነካውም፤ ጨው እንጂ።

«ሁለት ዓመት ሠራሁለት፤ አንድ ቀን አልቀመስኩም» አሉኝ። «ደምስ ቅመስ ይለኛል፤ ጾም ነኝ እለዋለሁ። ፍስክም ቢሆን ጾም ነኝ! የባዕድ ቅመም የሚያረክሰኝ መስሎኝ። ሰውየው ለካ ብቻውን መብላት ሰልችቶት ኖሯል። አሁን ነው የገባኝ፤ አሁን ምን ይረባል?»

«ለፍልሰታ ቅበላ እኔ መጥቼ እሠራልዎታለሁ» አልኩ።

«እውነት? አንድ ጊዜ ብቀምሰው ደስ ይለኛል።»

ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ፣ እንደ ልማዴ፣ መጽሐፍ ውስጥ ገባሁ። ከአንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ላይ ዘዴውን ወደ ደብተሬ ገለበጥኩ። ዳቦው ያደረ ፉርኖ ይሁን፣ ውፍረቱ አንድ ጣት፣ ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍ፣ እርዱ ከሻይ ማንኪያ ሩብ አይለፍ። ቤቴ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፤ በሦስተኛው ተዋጣልኝ። አያ ደምስ እንዴት ይሠሩት እንደነበር ግን አንድም ጊዜ አልጠየቅኳቸውም።

መንገዱ

ሚኒባሱ ሲሞላ ረዳቱ ቦርሳዬን ወደ ጣሪያው አነሣ።

«ዳቦ አለበት፤ እባክህ እዚሁ ይሁን» አልኩት።

«እናቴ፣ እዚህ ለሰውም ቦታ የለ። ሸራ አለብሰዋለሁ፤ ዳቦ እንደሆን ታፈንኩ አይልም!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ቅመሞቹን በየወረቀቱ ጠቅልዬ በእጅ ቦርሳዬ ይዣለሁ። ከከተማ እንደወጣን ጉሙ መንገዱን ዋጠው። በግራም በቀኝም ለጤፍ የታረሰው ጥቁር መሬት ውኃ አቁሯል፤ ገበሬዎች ላስቲክ ተከናንበው ከበሬዎቻቸው ኋላ ያዘግማሉ። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ዶፍ ወረደ።

አምበር፣ ሦስት ሰዓት

ስወርድ ሸራው በአንድ ጎን ተገልጦ ነበር። ዳቦው የገንፎ ዘር ሆኗል።

አያ ደምስ የሚኖሩት ከልጃቸው ከይታይሽ ጋር፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ነው። ነጭ ለብሰው፣ በሶ የተቋጠረበትን ከረጢት አጠገባቸው አድርገው አገኘኋቸው።

«ሱባኤ ልገባ ነው፤ ዲማ ገዳም» አሉኝ። «ከካህኑ ጋር ለስምንት ሰዓት መኪና ተነጋግረናል። አንቺ ከመጣሽ ግን ቅበላዬ ያንቺ ዳቦ ነው፤ ሌላ አልበላም ብዬ ጠብቄሻለሁ።»

ይታይሽ ከጓዳ ብቅ አለች። «ዶሮ ሠርቼ እምቢ አሉኝ፣ እታለም! ያንቺ ዳቦ ምን ቢኖረው ነው?»

የራሰውን ዳቦ አሳየኋት። ትናንት የጋገረችውን ድፎ ቆርሳ አመጣች።

«ይሄስ?»

«ይሄ አይሆንም፤ ፉርኖ ነው የሚለው» አልኩ።

«ማነው የሚለው?» አሉ አያ ደምስ።

«መጽሐፉ።»

ሳቁ። «ልጄ፣ በዚያ አገር ፉርኖ ወዴት ነበር? እኔ በድፎ ነበር የምሠራለት። ሠሪው እኔ አይደለሁ?»

«የዚያን ጊዜው በግድ ነው፤ አሁን በትክክሉ ይቅመሱት እንጂ» አልኳቸው። ሁለት ዓመት የሠሩትን ሰው፣ ሦስት ጊዜ የሞከርኩት እኔ አረምኳቸው።

«እንዳልሽ» አሉ።

ዳቦ ቤት

ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ ከተማ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ መብራት ግን የለም።

«መቼ ይመጣል?» አልኩ።

«እሱን መብራት ኃይልን ጠይቂ» አለችኝ ሻጯ። «ቅበላ ነው፣ ሂጂ ሥጋሽን ብዪ! ዳቦ ለነገም ይደርሳል።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሁለት ጊዜ ልነሣ አልኩና ድፎው መጽሐፉ ላይ እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል መብራት መጣ፤ ሰባት ተኩል ላይ የሚያቃጥል ዳቦ በጋዜጣ አቅፌ ቁልቁል ሮጥኩ።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ

ይታይሽ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ከትፋ፣ እንቁላሉን መትታ፣ ምድጃውን አቀጣጥላ ጠበቀችኝ። ትኩስ ዳቦ ቢላዋ አይቀበልም፤ ተጨፈለቀ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ነክሬ ሳነሣው እጄ ላይ ተበጣጠሰ። መጥበሻው ላይ ሰብስቤ ጣልኩት። ሽታው ግን ቤቱን ሲሞላው አያ ደምስ ከመደቡ ቀና አሉ።

«እሱ ነው!» አሉ። «እሱ ራሱ ነው እኮ!»

ያን ጊዜ ከውጭ ክላክስ ተነፋ። የዲማ ተጓዦቹ ዝናብ መንገዱን ሳይቆርጠው እንሂድ ብለው ቀድመው መጥተዋል።

«ያችን ስጫቸው፣ ቶሎ!» አለች ይታይሽ።

«ይሄማ ፍርፋሪ ነው፤ ለሰው አይሰጥም። ሌላ አንድ ደቂቃ…» ሁለተኛውን ነከርኩ። ዘይቱ ቀዝቅዞ ኖሮ ተጣበቀ። ክላክሱ ደገመ። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ «አያ ደምስ፣ መኪናው ሸራ የለውም፤ ካህኑ ዝናብ ላይ ናቸው!» አለ።

አያ ደምስ ካህን ዝናብ ላይ አቁመው የሚበሉ ሰው አይደሉም። ጣሳውን አንሥተው አፋቸውን ተጉመጠመጡና ደጅ ተፉት። አፍ ከታጠበ ቅበላ አበቃ።

«ደክመሻል ልጄ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ትከሻዬን ነኩኝና ወጡ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ይታይሽ የተበጣጠሰውን ቆማ በላችው። «ምን ጎደለው?» አለችኝ።

ደብረ ማርቆስ

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ከጉዞው የተማርኩት ቀላል ነው፤ ዕድሜ ልኬን የማውቀው መስሎኝ የማላውቀው። እኔ ዘግይቼ ስለተማርኩ የተጻፈውን እንደ ዳኛ ነው የማየው፤ የሠራ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ ደብተሬን ሰማሁ። ቢሆንም ጾሙ ሲፈታ ተመልሼ በድፎ እሠራላቸዋለሁ ብዬ ተጽናናሁ።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ለይታይሽ ደወልኩ።

«አባባ አልመጡም» አለችኝ። «ሊመነኩሱ እዚያው ቀሩ። ሥጋም እንቁላልም እርም ብለዋል።»

«እንዴት? ድንገት?»

«ኧረ ከፋሲካ ጀምሮ የቆረጡት ነው። ያቺ ቅበላ የመጨረሻቸው ነበረች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዳቦ ቤት ሳለሽ ልሂድና ልንገራት ብያቸው ነበር። ‹ተያት፤ ከሰማች ትቸኩላለች። እንደወደደች ትሥራው› አሉኝ።»