ለአባቴ የተተወ ቦታ

እናቴ ካረፈች በኋላ ለንደን ዋይት ሲቲ ያለውን ቤቷን ሳጸዳ አልጋዋ ስር አንድ ሲዲ አገኘሁ። ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የድሮው የቤተሰብ ፎቶአችን አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡት ምስሎች ሳይዋሃዱ ወጣ፤ ከታች እኔና እናቴ፣ ከላይ አባቴ። የላዩን ሳጠፋው አባቴ ጠፋና በመሃላችን ባዶ ምንጣፍ ታየ።

አገር ቤት ከምርጫው በኋላ አባቴ ሲታሰር እኔና እናቴ ለንደን ገባን። ጋሽ ተሾመ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ቀለምና ትኩስ ወረቀት የሚሸት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ ዋና ደንበኞቻቸውም እንደኛ አገር ቤት የቀረ ሰው ያለባቸው ነበሩ። በየገናው ለባብሰን ስንሄድ «ለአባትሽ ቦታ ተዪለት» ይሉና ከእናቴ ክንድ ያላቅቁኛል። ከዚያ የአባቴን ፊት ከጉርድ ፎቶው በኮምፒውተር ቆርጠው፣ የማን እንደሆነ በማናውቀው ሱፍ ላይ ተክለው በክፍተቱ ያቆሙታል። ከእግሩ ስር ጥቁር ቀብተው ቀለሙን ከስሩ ካለው ጋር የሚያዋህደውን ማልቲፕላይ የሚለውን ትእዛዝ ሲመርጡ ጥቁሩ ምንጣፉ ላይ ጥላ ሆኖ ይተኛል፤ እኔም ከወንበራቸው ጀርባ ቆሜ አባቴ ጥላ አወጣ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ጭቅጭቁ የሚነሳው ፊቱ ከእኛ ጋር እንዲስማማ ኦፓሲቲውን፣ ማለትም ድምቀቱን፣ ቀነስ ሲያደርጉት ነው።

«ጋሽ ተሾመ፣ ደመቅ ያድርጉት እንጂ፤ የሞተ ሰው አስመሰሉት» ትላለች እናቴ።

«ከደመቀ የተለጠፈ ይመስላል፣ ልጄ።»

ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ስለነበረች አባቴ በየፎቶው ከሁለታችንም ይደምቃል። እኔ በየዓመቱ ስመዘዝ፣ እናቴ ስትሸብት፣ እሱ ያው ጎረምሳ ነው። እኔም ያንን ሰው ወደድኩት።

በኋላ ተፈትቶ ሂትሮው አየር ማረፊያ የተቀበልነው ግን ጥርሱ የረገፈ፣ ከሲታ ሽማግሌ ነበር። እናቴ ፎቶዎቹን ሲያይ ደስ እንዲለው ስትጠብቅ ሳሎኑ መሃል ቆሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ለረጅም ጊዜ አየ።

«እኔ እዚህ አልነበርኩም» አለ።

እናቴ ፎቶዎቹን ላውርድ አላለችም፤ እሱም አውርጂ አላላትም። ሳሎን መቀመጥ ግን ተወ፤ ምሳውንም መኝታ ቤት ይበላ ጀመር። በመጀመሪያው ገና ሦስታችንም ጋሽ ተሾመ ዘንድ ሄድን፤ በፋሲካ አባቴ ሌላ ቤት ተከራይቶ ወጣ።

የዚያ ገና ፎቶም ሲዲው ውስጥ አለ። ምንም አልተደረበበትም። እኔና እናቴ እንደለመድነው ተራርቀን ቆመናል፤ አባቴ በእኔ በኩል ዳር ላይ ነው፣ በእኔና በእናቴ መሃል አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ክፍት ነው። ስንት ገና የጠበቅነው ሰው መጥቶ፣ የተውንለትን ቦታ የሰጠው አልነበረም። ሦስታችንም አንድ ላይ የተነሳነው ይህንን ብቻ ነው፤ እናቴ ግን አላሳጠበችውም።