አሥራ አራት ዓመት የጠፋበት ቀበሌ

የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ገና ሲጀመር እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ አዲስ ነርስ ነበርኩ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ክትባቱ አሥራ አራት ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች ይሰጣል፤ እኔ ደግሞ ከገሳይ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የገጠር ቀበሌ ሄጄ ሕዝቡን አስረዳለሁ፣ ልጆቹን እከትባለሁ፣ እመለሳለሁ። በቃ።

ማስረዳቱን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጀመርነው። የደብሩ አለቃ የሆኑት ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ሕዝቡን ዝም አሰኙልኝ።

«ይኸች ልጅ ስለ ማኅፀን በር ልትነግራችሁ መጥታለች። ስሙ» አሉ።

ገና አፌን ሳልከፍት አንድ አዛውንት ከዋርካው ሥር እጃቸውን አነሱ።

«ማኅፀንም በር አለውና?»

«አለው አባባ።»

«ታዲያ ማነው የሚዘጋው?»

ግቢው በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅኩም። ቢሆንም የመጣሁበትን ተናገርኩ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ከወንድ ወደ ሴት እንደሚተላለፍ፣ ለብዙ ዓመት ምንም ሳይታወቅ እንደሚቆይ፣ ልጅቷ ወንድ ከማወቋ በፊት ብትከተብ ግን እንደሚከላከልላት አስረዳሁ። «ወንድ ከማወቋ በፊት» የምትለዋን በዚያ ግቢ፣ በቄሱ ፊት፣ እንዴት እንደተነፈስኳት ዛሬም ይገርመኛል። ሕዝቡ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ቄሱ መረቁኝ። ተሳካልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የክትባቱን በረዶ ሣጥን ይዤ ከቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። ርእሰ መምህሩ ሴቶቹን ልጆች አንድ ክፍል ሰብስቦ ጠበቀን።

«አሥራ አራት ዓመት የሆናችሁ እጃችሁን አውጡ» አልኩ።

አንድም እጅ አልወጣም።

«አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ ሦስት።»

«አንቺስ?»

«አሥራ አምስት።»

መንታ እህትማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛዋ አሥራ ሦስት፣ ሁለተኛዋ አሥራ አምስት ነኝ አሉኝ።

«መንታ አይደላችሁም እንዴ?»

«ነን። እሷ ትቀድመኛለች» አለች አንደኛዋ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

አሥራ አራት የሚባል ዕድሜ ከዚያ ቀበሌ ድራሹ ጠፍቶ ነበር። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ውጭ ሳበችኝና በሹክሹክታ አስረዳችኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ «መርፌው ማኅፀን ያደርቃል» የሚል ወሬ ተነዝቷል። እናቶች ልጆቻቸውን የሐሰት ዕድሜ ሲያስጠኑ ነው ያደሩት። ከዚያ ሌላ ደግሞ የታጩት ልጆች አሉ፤ ሕጉ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ስለሚከለክል እነሱ አስቀድመው አሥራ ስምንት ሆነዋል።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ሣጥኑን ልሸክፍ ስል አንዲት እናት ልጇን በእጇ እየሳበች ገባች። ልጅቷ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች ናት።

«ሲስተር፣ ይቺ አሥራ አራት ናት። ውጊልኝ።»

መልስ ሳልሰጥ አባትየው እያለከለከ ደረሰ። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ «አሥራ ስምንቷን ጨርሳለች! ቀበሌ ቀርቤ ተናግሬያለሁ። ለጥር ሰርጓ ተቆርጧል» አለ።

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞር አላለችም። የምታየው እኔን ነው።

«ታናሽ እህቴን አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ። ደሙ አልቆም አላት። ሽታው ለሰው እንዳይደርስ ጓዳ ተደብቃ ነው የሞተችው። ቡዳ ነው ሲሉ፣ እርግማን ነው ሲሉ ኖሩ። ስም ያለው በሽታ መሆኑን ያወቅሁት እሑድ አንቺ ስትናገሪ ነው።»

አባትየው ጋቢውን አስተካከለ። እሱም ያችን ሴት ቀብሯል። ድንገት ፊቱ በራ።

«እንግዲያ እንዲህ ይሁን። ለመርፌው አሥራ አራት ትሁን፤ ለሰርጉ አሥራ ስምንት።»

«አባባ፣ አንድ ሰው ሁለት ዕድሜ አይኖረውም» አልኩት።

«ለምን?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

ርእሰ መምህሩ ያጠመቋት ቄስ ይጠየቁ አለና ቄሱ ተጠሩ። ብዙ ሰው ተከትሏቸው መጥቶ መስኮቱን ሞላው።

«አባ፣ ይህችን ልጅ መቼ ነው ያጠመቋት?» አልኳቸው።

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡ። «የቤተ ክርስቲያኑ ሣር ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ የለበሰ ጊዜ ነዋ! ስናጠምቃት በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው እንዲያ ሲንኳኳ የክርስትና ስሟን እናቷ እንኳ አልሰማችም፤ ደግሜ ነው የነገርኳት።»

አባትየው ይህን ሲሰማ ደረቱ ተነፋ። «ያን ቆርቆሮ ከገሳይ ድረስ በትከሻዬ የተሸከምኩት እኔ ነኝ! የተረፈውንም ለዚህ ትምህርት ቤት ያለበስኩት እኔ ነኝ። ልጄ ያኔ ገና አራስ ቤት ነበረች!» አለና በጣቱ ጣሪያውን አሳየን።

ሁላችንም ቀና ብለን ጣሪያውን አየን። ርእሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትምህርት ቤቱ ከተሠራ ዘንድሮ አሥራ አራት ዓመቱ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያ ትምህርት ቤቱም ይከተብ!» አለ አንዱ ከመስኮቱ ውጭ።

አባትየው ጣቱን አላወረደም። ከሳቁ መሀል የልጅቷ ድምፅ ተሰማ።

«እኔን የሚጠይቀኝ የለም?»

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አልኳት።

«አሥራ አራት። ሰርጉንም አልፈልገውም።» እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቀለለችና ክንዷን ሰጠችኝ።

ወጋኋት። ዓይኗን አልጨፈነችም። አባቷ ግን ጨፈነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አይወራም። ቄሱ «የእኔም የልጅ ልጅ አሥራ አራት ናት፤ ትምጣ» አሉ። መንታዎቹ ተያይተው ባንድ አፍ አሥራ አራት ነን አሉ። ጠፍቶ የነበረው ዕድሜ ከየጥጉ ብቅ ብቅ አለ፤ አልፎም ተረፈ። የልጆች እናት የሆነች ጎልማሳ ሴት ሰልፍ ገብታ ክንዷን ስትዘረጋልኝ፣

«እርስዎም አሥራ አራት ነዎት?» አልኳት።

«ካስፈለገ ምን ቸገረኝ!»

ለትልልቅ ሴቶች ክትባቱ ሳይሆን ምርመራው እንደሚሻል፣ እሱም ደብረ ታቦር እንደሚሰጥ ለእሷም ለቆሙትም ነገርኳቸው።

ሰርጉ ቀረ። የሙሽራው አባት ሽማግሌ ልኮ ተቆጣ፤ «አሥራ ስምንት ብላችሁ አሥራ አራት ልትሰጡን!» ብሎ የተታለለው እሱ ሆነ። ይሁን እንጂ ጌሾው ተወቅጦ፣ ድግሱ ተጀምሮ ነበር። አባትየው የተደገሰ አይደፋም ብሎ አገሩን ጠራ። እኔም ተጠራሁ። ሙሽራ የለ፣ ሚዜ የለ፤ ሰው ግን እንደ ሰርግ በላ፣ ጠጣ። ቄሱ ለምርቃት ሲነሱ ምን ብለው እንደሚመርቁ ግራ ገባቸውና፣ «እንግዲህ... መርፌውን ያጽናላችሁ» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር በረንዳው ላይ ሆና በጭፈራው መሀል የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

ወራት አልፈው ሁለተኛውን ዙር ልከትብ ስሄድ ከሰልፉ ፊት አገኘኋት። በዚያው ሳምንት እናቷ ከጎረቤቶቿ ጋር በሚኒባስ ለምርመራው ደብረ ታቦር መጣች። አልጋው ላይ ስትወጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። መርማሪዋ የማኅፀኗን በር በአቼቶ ስትቀባው ነጭ ነገር ታየ፤ ካንሰር አልነበረም፣ ቢተው ግን ወደዚያ ሊያመራ የሚችል ነበር። በዚያው ቀን፣ በጥቂት ደቂቃ ታከመች።

ስትጨርስ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና፣ «ይኸው ነው?» አለችኝ።

«ይኸው ነው።»

እግሯን ከአልጋው አውርዳ ተቀመጠች። «እህቴ ለዚህች ነው የሞተች?» አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተያይዘን አለቀስን። ኋላ የገሳይ መኪና እንዳያመልጣት ተነሳችና ጫማዋን አጠለቀች፤ እኔም እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት።