ትርሲት የጠየቀችው ሜሞሪ

ትርሲትን ቀርፋፋ የሚል ሰው እስከዚያ ዓመት ድረስ ሞጣ ላይ አልተሰማም። የቢቸና ልጅ ናት። በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ሆና ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ የዓመቱን ሒሳብ በእጅ መዝገብ፣ ከሐምሌ ሳታሳልፍ ዘግታለች።

በ2007 ዓ.ም. የሒሳብ ሶፍትዌር መጣና አሮጌው ኮምፒውተር አልችልህ አለው። ላፕቶፕ ይገዛ ሲባል ትርሲት በመልክ አልመረጠችም። ሦስት ቅዳሜ የመምህራንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን ላፕቶፕ እየለመነች ሶፍትዌሩን ሞከረችው። ባለ ሁለት ጂቢ ሜሞሪው ስታክ ያደርጋል፤ ባለ አራቱ ያቃስታል፤ ባለ ስምንቱ ይሮጣል። ማመልከቻዋ ላይ "ሜሞሪ 8" ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረችበት።

ግዥ ሠራተኛው ይታገስ ግን ሜሞሪ የሚያውቀው ከስልክ ነው፤ ዘፈን የሚጫንበትን። ባሕር ዳር ደርሶ ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። ስምንት ብትጠይቀው አምስት መቶ አመጣላት! አምስት መቶው የፋይል ማከማቻው ነው፤ የሥራ ሜሞሪው ሁለት ብቻ። ኮሚቴው አጨበጨበለት። ምን ማለትሽ ነበር ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው የለም።

ላፕቶፑ በየገጹ ስታክ ሲያደርግ ጥፋቱ የእሷ ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ሠራተኛዋ ከቴክኖሎጂው ጋር አልተግባባችምና ሥልጠና ትላክ ተባለ። ይባስ ብሎ፣ "በጠየቅሁት መሠረት ተረክቤያለሁ" የሚል ወረቀት አቀረቡላት። ከፈረመች፣ ሒሳቡ ሳይዘጋ ሐምሌ ሲያልፍ ተጠያቂዋ እሷው ናት። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ስም በአንድ ፊርማ ሊሄድ ነው።

ሊቀመንበሩ አቶ ወልደ ሰንበት ጤፍ አምራች ናቸው። ወደ እሳቸው ዞረች።

"ጋሼ፣ አምስት መቶው ጎተራው ነው። እኔ የጠየቅሁት አውድማውን ነው። ቁርበት በምታህል አውድማ የዓመት ጤፍ ይወቃል? በሬዎቹስ የት ይዙሩ?"

መግባቱስ ገባቸው። ግን የተገዛ ተገዝቷል፣ ለዘንድሮ ቻይውና ፈርሚ አሏት።

ትርሲት እስክሪብቶ አነሳች። "በጠየቅሁት መሠረት" የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ "ስምንት ጠይቄ ሁለት" ብላ ጻፈች። ከነአያቷ ስም ፈረመች።

ይታገስ ወረቀቱን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ይህን እኮ ኦዲተር ያነበዋል አላት።

"የጻፍኩትም ለእሱ ነው" አለችው።